የቀኝና የግራ ሞለኪውሎች፤ የመድኃኒትን ቅርጽ የሚለዩ የሩቴኒየም ውሁዶች

ቀኝ እጅና ግራ እጅ እኩል ጣቶች፣ አንድ ዓይነት መዳፍና አንድ ዓይነት አንጓ ቢኖራቸውም አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ አይገጥምም፤ ለቀኝ እጅ የተሰፋ ጓንትም ለግራ አይሆንም። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነውና። በርካታ የመድኃኒት ሞለኪውሎችም ይህንኑ ጠባይ ይዘው ይገኛሉ። በአተሞቻቸው ዓይነትና ቁጥር እንዲሁም በትስስራቸው ቅደም ተከተል አንድ ሆነው ሳለ በቅርጻቸው ግን ቀኝና ግራ ይሆናሉ። የዘርፉ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉትን ሞለኪውሎች ካይራል በማለት ይጠሯቸዋል።

ጉዳዩ ለኬሚስቶች ብቻ የሚተው አይደለም። የሰው አካል የተገነባባቸው ፕሮቲኖች ከግራ ቅርጽ አሚኖ አሲዶች የተሠሩ በመሆናቸው ወደ ሰውነት የሚገባ መድኃኒት ቀኝም ሆነ ግራ ሲሆን የሚጠብቀው አቀባበል የተለያየ ነው። አንደኛው ቅርጽ በሽታን ሲፈውስ ሌላኛው ምንም ላይሠራ፣ አንዳንዴም ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም መድኃኒት የሚመዘግብ፣ የሚገዛና የሚቆጣጠር የመንግሥት ሠራተኛ በፊቱ የቀረበለት ሰነድ ስለየትኛው ቅርጽ እንደሚናገር የመለየት ኃላፊነት ይወድቅበታል። ይህ ጽሑፍ የሚፈለገውን ቅርጽ ለይቶ ለማምረት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች መካከል ካይራል የአሪን ሩቴኒየም ውሁዶች ምን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደሚዘጋጁና በጎን ሰንሰለታቸው ላይ የሚካሄደው ለውጥ ምን ፋይዳ እንዳለው ያብራራል።

ከወይን ጠጅ ዝቃጭ የተነሣ ግኝት

የቀኝና የግራ ሞለኪውሎች መኖር በተግባር የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1848 ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በወይን ጠጅ በርሜሎች ውስጥ ከሚዘቅጠው ንጥረ ነገር ጋር ዝምድና ያለውን የታርታሪክ አሲድ ጨው ሲመረምር ከመፍትሔው የወጡት ክሪስታሎች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አስተዋለ። አንዱ ዓይነት የሌላው የመስታወት ምስል ነበር። ፓስተር ክሪስታሎቹን በእጁ አንድ በአንድ ለይቶ በውኃ ካሟሟቸው በኋላ በፖላራይዝድ ብርሃን ሲፈትናቸው አንደኛው መፍትሔ ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ደግሞ በዚያው መጠን ወደ ግራ አዞረው። እኩል ሲቀላቀሉ ግን ብርሃኑ ሳይዞር አለፈ። ፖላሪሜትር የተባለው መሣሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ቤተ ሙከራዎች የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው።

የታሊዶማይድ ትምህርት

በመድኃኒት ቁጥጥር ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ የሚሰጠው የታሊዶማይድ አደጋ ነው። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ሲቀርብ የሚያረጋጋና እንቅልፍ የሚሰጥ፣ ለነፍሰ ጡሮችም የማቅለሽለሽ ስሜትን የሚያስታግስ ተብሎ ነበር። እስከ ኅዳር ወር 1961 ድረስ ከጀርመን ገበያ ሳይወጣ በመቆየቱ በተለያዩ አገሮች ከ10 ሺህ በላይ የሚገመቱ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ፣ ሌላም የአካል ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ።

በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመድኃኒት ማመልከቻዎችን ትመረምር የነበረችው ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ የቀረበው የደኅንነት ማስረጃ በቂ አይደለም በማለት ከአምራቹ ተወካዮች የደረሰባትን ግፊት ተቋቁማ ፈቃዱን ሳትሰጥ ቀረች። በዚህም መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ በዚያች አገር ለሽያጭ ሳይፈቀድ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እጅ የክብር ሽልማት የተቀበለች ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የአገሪቱ የመድኃኒት ሕግ እንዲጠብቅ ተደርጓል።

ታሊዶማይድ ካይራል ሞለኪውል ነው፤ የተሸጠውም ቀኝና ግራው እኩል ተቀላቅሎ ነበር። ጉዳቱን ከአንደኛው ቅርጽ ጋር የሚያያይዙ ጥናቶች በኋላ ወጥተዋል። ሆኖም ንጹሑን ቅርጽ ብቻ መሸጥ አደጋውን ባላስቀረው ነበር። ምክንያቱም የታሊዶማይድ ሁለቱ ቅርጾች በሰውነት ውስጥ አንዱ ወደ ሌላው ይለዋወጣሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ድርብ ነው። አንደኛ፣ ቅርጽን መለየት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ፣ የተለየው ቅርጽ በሰውነት ውስጥ ሳይለወጥ መቆየቱ መረጋገጥ አለበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የፖሊሲ መግለጫ የሁለቱ ቅርጾች ጠባይ በመድኃኒት ዝግጅት መጀመሪያ ላይ ተለይቶ እንዲታወቅ መጠየቁም ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር የሚሄድ ነው።

በአገራችን የጤና አገልግሎት የሚታወቁ መድኃኒቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚሰጠው ኢታምቡቶል ባክቴሪያውን የሚያጠቃው በአንደኛው ቅርጹ በመሆኑ የሚመረተው በዚያው ቅርጽ ብቻ ነው። መድኃኒት ለተለማመደ ሳንባ ነቀርሳ የሚታዘዘው ሌቮፍሎክሳሲን ኦፍሎክሳሲን ከተባለው ድብልቅ ተለይቶ የወጣ የግራ ቅርጽ ነው። ለብልሃርዝያ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሁለቱ ቅርጾች እኩል ተቀላቅለው ሲሰጡ ቆይቷል። ትሉን የሚገድለው በዋናነት አንደኛው ቅርጽ ሲሆን፣ ሌላኛው የእንክብሉን መጠንና ምሬት ይጨምራል። ይህም ለትንንሽ ሕፃናት አስቸጋሪ በመሆኑ ፈዋሹን ቅርጽ ብቻ የያዘና ከሦስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ አርፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ አዎንታዊ ሳይንሳዊ አስተያየት አግኝቷል።

አንዱን ቅርጽ ብቻ የማግኘት ጥያቄ

በተለመደው የኬሚካል አሠራር ካይራል ሞለኪውል ሲዘጋጅ ቀኙና ግራው ግማሽ በግማሽ ሆነው ይወጣሉ። የሚፈለገውን ለማግኘት ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ድብልቁን ካመረቱ በኋላ መለየት ነው፤ በዚህ መንገድ የማይፈለገው ግማሽ ተመልሶ ጥቅም ላይ ካልዋለ ይባክናል። ሁለተኛው ተፈጥሮ ራሷ በአንድ ቅርጽ ብቻ ከምትሰጣቸው እንደ ስኳርና አሚኖ አሲድ ካሉ ነገሮች መነሣት ነው። ሦስተኛው ራሱ ካይራል የሆነ ካታሊስት በመጠቀም ገና ከመነሻው የሚፈለገው ቅርጽ ብቻ እንዲፈጠር ማድረግ ነው። ካታሊስት የኬሚካል ለውጥን እያፋጠነ ራሱ የማያልቅ በመሆኑ አንድ የካታሊስት ሞለኪውል በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የመድኃኒት ሞለኪውሎችን ቅርጽ ሊያስይዝ ይችላል።

የዚህ የሦስተኛው መንገድ ፈር ቀዳጆች የሆኑት አሜሪካውያኑ ዊሊያም ኖውልስና ባሪ ሻርፕለስ እንዲሁም ጃፓናዊው ርዮጂ ኖዮሪ እ.ኤ.አ. በ2001 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። የኖውልስ ሥራ ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚሰጠውን ኤል ዶፓ በፋብሪካ ደረጃ ለማምረት አስችሏል። የኖዮሪ ቡድን ካቀረባቸው ካታሊስቶች መካከል አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነው ካይራል የአሪን ሩቴኒየም ውሁድ ነው።

ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ

ሩቴኒየም ከፕላቲነም ጋር የሚመደብ፣ በአተም ቁጥሩ 44ኛ የሆነ ብርቅ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በሩሲያ ካዛን ከተማ ካርል ክላውስ የተባለ ኬሚስት ያገኘው ሲሆን፣ ስያሜውም ከሩሲያ ጥንታዊ የላቲን መጠሪያ የተወሰደ ነው። በአሁኑ ወቅት በብዛት የሚገኘው በደቡብ አፍሪካ የፕላቲነም ማዕድን ማውጫዎች በተጓዳኝ ምርትነት ነው።

አሪን የሚባለው እንደ ቤንዚን ሞለኪውል ስድስት የካርቦን አተሞች በቀለበት መልክ የተያያዙበት ውሁድ ነው። በአሪን ሩቴኒየም ውሁድ ውስጥ የሩቴኒየሙ አተም ከቀለበቱ ሥር መሐል ለመሐል ተቀምጦ ስድስቱንም ካርቦኖች በአንድ ጊዜ ይይዛል። ከሩቴኒየሙ ወደ ታች ደግሞ ሦስት ሌሎች ተያያዦች ይወርዳሉ። ቅርጹን በዓይነ ኅሊና ለመሳል ባለ ሦስት እግር በርጩማን ማሰብ ይበቃል፤ ቀለበቱ መቀመጫው ሲሆን ሦስቱ ተያያዦች እግሮቹ ናቸው።

ይህ በርጩማ ካይራል የሚሆንባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። ሦስቱ እግሮች አንዳቸው ከሌላቸው የተለዩ ከሆኑ ብረቱ ራሱ የቀኝና የግራ ማዕከል ይሆናል። ከመቀመጫው ጋር ጎን ለጎን ወይም አንድ ቦታ ዘለው የተያያዙ ሁለት የተለያዩ ቅጥያዎች ካሉ፣ ብረቱ ቀለበቱን በላይኛው ወይም በታችኛው ገጽ በመያዙ ብቻ ቀኝና ግራ ይፈጠራል። ከእግሮቹ አንዱ ወይም ከመቀመጫው የተንጠለጠለው የጎን ሰንሰለት አስቀድሞ ካይራል ከሆነም ጠባዩ ለመላው ውሁድ ይተላለፋል። እግሮቹ በመፍትሔ ውስጥ ተነቅለው ሊተከሉ ስለሚችሉ የብረቱ ቅርጽ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ በተግባር አስተማማኝ የሚሆነው ከማይገለበጥ ካይራል ተያያዥ ጋር የተጣመረው አሠራር ነው።

አዘገጃጀቱ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሩቴኒየም ክሎራይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ዊንክሃውስና ዚንገር የተባሉ ተመራማሪዎች ሩቴኒየም ክሎራይድን ሳይክሎሄክሳዳይን ከተባለ ፈሳሽ ጋር በአልኮል ውስጥ በማሞቅ የመጀመሪያውን የቤንዚን ሩቴኒየም ክሎራይድ አገኙ። ለውጡ በሁለት በኩል የሚካሄድ ነው። ፈሳሹ ሃይድሮጅን አጥቶ ወደ አሪን ቀለበት ሲለወጥ ሩቴኒየሙ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ የኦክሲዴሽን ደረጃ ይወርዳል፤ ወዲያውም ከተፈጠረው ቀለበት ጋር ይጣመራል።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ፓራ ሳይሚን የተባለውን ቀለበት የያዘው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አልፋ ፌላንድሪን በአንዳንድ የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ቅጠል ዘይት ውስጥ የሚገኝ የተፈጥሮ ውሁድ ነው። ሩቴኒየም ክሎራይዱና ፌላንድሪኑ በኢታኖል ውስጥ ለአራት ሰዓት ያህል ከተፈሉ በኋላ መፍትሔው ሲቀዘቅዝ ቀይ ቡናማ ክሪስታሎች ይወጣሉ። እነዚህ ክሪስታሎች ሁለት ሩቴኒየሞች በክሎሪን ድልድይ የተያያዙባቸው ጥንድ ሞለኪውሎች ናቸው።

ጥንዱ ገና ካይራል አይደለም። የቀኝና የግራ ጠባይ የሚሰጠው በሚቀጥለው ደረጃ ሁለት ናይትሮጅኖች ካሉት ካይራል ዳያሚን ጋር ሲገናኝ ነው። የክሎሪኑ ድልድይ ተሰብሮ ጥንዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ ናይትሮጅኖችና አንድ ክሎሪንም የበርጩማው ሦስት እግሮች ይሆናሉ። በኖዮሪ አሠራር ይህ ደረጃ በአይሶፕሮፓኖል ውስጥ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ዳያሚኑን ወደ ቀኝና ግራ ለመለየት የሚያገለግለው ያው ፓስተር የተመራመረበት ታርታሪክ አሲድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የጎን ሰንሰለቱ ፋይዳ

ቀለበቱ ከብረቱ ጋር ሲጣመር ጠባዩ ይለወጣል። ብረቱ ከቀለበቱ ኤሌክትሮን ስለሚስብ ከቀለበቱ ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ካርቦን ሃይድሮጅኑን ለቤዝ በቀላሉ ይለቃል፤ በቀለበቱ ላይ ያለ ክሎሪንም በሌላ ቡድን ለመተካት የተመቸ ይሆናል። ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በመጠቀም ውሁዱ ከተዘጋጀ በኋላ የጎን ሰንሰለቱን ይለውጣሉ፣ ያረዝማሉ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ያያይዛሉ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሰንሰለት ከሁሉም አሠራር ጋር አይስማማም። ለምሳሌ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለ አሲድ ዝግጅቱ በአልኮል ውስጥ ሲካሄድ ወደ ኤስተር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገውን ሰንሰለት የያዘ ቀለበት አስቀድሞ በሶዲየም ወይም በሊቲየምና በፈሳሽ አሞኒያ ወደ ዳይን ይለወጣል፤ ከዚያም ከሩቴኒየም ክሎራይድ ጋር ሲሞቅ መልሶ አሪን ይሆናል። ሌላው አማራጭ የተዘጋጀውን ውሁድ በማሞቅ አንዱን ቀለበት በሌላ ቀለበት መተካት ነው።

የጎን ሰንሰለት ለውጥ ያስገኘው ዋነኛ ውጤት የታሰረ ካታሊስት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የዋሪክ ዩኒቨርሲቲው ማርቲን ዊልስና ባልደረቦቹ መቀመጫውን ከእግሩ ጋር በሦስት ካርቦን ሰንሰለት ያያያዘ ካታሊስት አቅርበዋል። በአሠራሩ መሠረት በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ዳያሚን መጀመሪያ በጨው መልክ ይቆያል፤ ቤዝ ሲጨመር ነፃ ወጥቶ ሩቴኒየሙን ይይዛል፤ ቀለበቱም ይዘጋል። በዚህ ሁኔታ መቀመጫው ከብረቱ ላቅ ብሎ ለመውደቅም ሆነ እንደልቡ ለመሽከርከር አይችልም። ካታሊስቱ በሙቀት ይበልጥ የሚጸና ስለሚሆን በአነስተኛ መጠን ለረዥም ጊዜ ይሠራል። በጃፓን የታካኦ ኢካሪያ ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2011 በሰንሰለቱ ውስጥ ኦክሲጅን የገባበትን ተመሳሳይ ካታሊስት አስተዋውቋል፤ ይህም ዴኔብ በሚል ስም ለገበያ ቀርቧል።

የማይፈነዳ የሃይድሮጅን ምንጭ

የካታሊስቱ ተግባር ኪቶን የተባሉ ውሁዶችን ወደ አንድ ቅርጽ አልኮል መለወጥ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገውን ሃይድሮጅን የሚያገኘው ከፍተኛ ግፊት ካለው የጋዝ ታንክ ሳይሆን እንደ አይሶፕሮፓኖል ወይም ጉንዳን በተፈጥሮው ከሚያመነጨው ፎርሚክ አሲድ ነው። በዚህም ምክንያት ሥራው በተራ ዕቃና በቀላል ሙቀት ሊከናወን ይችላል፤ የፍንዳታ ሥጋቱም ይቀንሳል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ቤዝ ሲጨመር ብርቱካንማው ውሁድ አንድ ሃይድሮጅንና ክሎሪኑን አጥቶ ወደ ደማቅ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ከዚያም ከአልኮሉ ሁለት ሃይድሮጅኖችን ይወስዳል፤ አንዱ በሩቴኒየሙ፣ ሌላው በናይትሮጅኑ ላይ ያርፋል። ኪቶኑ ሲቀርብ ሁለቱም ሃይድሮጅኖች በአንድነት ይሰጡታል፤ አንዱ ለካርቦኑ፣ አንዱ ለኦክሲጅኑ። በዚህ ጊዜ የበርጩማው መቀመጫ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በጠርዙ ያሉት ሃይድሮጅኖች የኪቶኑን ቀለበት ወደ ራሳቸው በመሳብ ኪቶኑ በየትኛው ገጹ እንደሚቀርብ ይወስናሉ። የውጤቱ ቀኝነት ወይም ግራነት የሚለየው በዚህች ቅጽበት ነው።

የሃይድሮጅን ምንጩ ምርጫም ለውጤቱ ወሳኝ ነው። በአይሶፕሮፓኖል የሚካሄደው ለውጥ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል በመሆኑ ጊዜው ከረዘመ የተገኘው ንጽሕና ሊቀንስ ይችላል። ከፎርሚክ አሲድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደ ጋዝ አምልጦ ስለሚሄድ ለውጡ ወደ ኋላ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የኖዮሪ ቡድን ለ200 የኪቶን ሞለኪውል አንድ የካታሊስት ሞለኪውል በመጠቀም አሴቶፌኖንን ወደ አልኮል ሲለውጥ ያገኘው የቅርጽ ብልጫ ከመቶ 97 ነበር። ይህ አኃዝ ብዙውን ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ከመቶ 97 ብልጫ ማለት ከመቶው 98.5 የሚፈለገው፣ 1.5 ደግሞ የማይፈለገው ቅርጽ ነው ማለት ነው፤ ብልጫው የሁለቱ ልዩነት ነውና። ሰነድ የሚመረምር ባለሙያ የቀረበለት ቁጥር ብልጫውን ወይስ ድርሻውን እንደሚገልጽ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

አሠራሩ በቤተ ሙከራ ብቻ አልቀረም። በመድኃኒት ዝግጅትም ኬሚስቶች በዚሁ ዓይነት የሩቴኒየም ካታሊስት በአንድ እርምጃ ሁለት የካይራል ማዕከሎችን ማስያዝ መቻላቸውን አሳይተዋል።

በመድኃኒቱ ውስጥ የሚቀረው ብረት

ካታሊስቱ ሥራውን ሲጨርስ ከመድኃኒቱ ውስጥ መውጣት አለበት። ሩቴኒየም ለሰውነት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ባለመሆኑ በዓለም አቀፉ የመድኃኒት መስፈርቶች ማጣጣሚያ ምክር ቤት መመሪያ ገደብ ተበጅቶለታል። በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት ውስጥ በቀን ከ100 ማይክሮ ግራም፣ በመርፌ በሚሰጥ ደግሞ ከ10 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። የመርፌው ገደብ አሥር ጊዜ የጠበቀው በአፍ የሚገባ ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በከፊል ሲሆን፣ በመርፌ የሚሰጠው ግን በሙሉ ወደ ሰውነት ስለሚገባ ነው። ካታሊስቱ በአነስተኛ መጠን መሥራቱና በሙቀት አለመፈረካከሱ ዋጋን ከመቀነስ ባሻገር ለመድኃኒቱ ንጽሕና የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው። የጎን ሰንሰለቱ ጥናት ከታካሚው ደኅንነት ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ይህ ነው።

ከዚህ በመነሣት የካይራል መድኃኒት ሰነድ ሲቀርብ አራት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይኖርባቸዋል። መድኃኒቱ አንድ ቅርጽ ነው ወይስ ድብልቅ? አንድ ቅርጽ ከሆነ የሌላው ድርሻ ስንት ነው፤ በየትኛውስ የምርመራ ዘዴ ተለካ? ቅርጹ በመጋዘን ቆይታውና በሰውነት ውስጥ ሳይገለበጥ ይቆያል? ቅርጹን ያስያዘው ካታሊስት ብረት ከሆነ የቀረው መጠን ከገደቡ በታች ለመሆኑ ማስረጃ አለ?

ጥያቄዎቹ የኬሚስትሪ ዲግሪ ያለውን ባለሙያ ብቻ የሚጠብቁ አይደሉም። ዶክተር ኬልሲ እ.ኤ.አ. በ1960 ታሊዶማይድን ስታግድ ስለ ሞለኪውሉ ቀኝና ግራ የተነሣ ክርክር አልነበረም። የጠየቀችው ማስረጃ እንዲሟላ ብቻ ነበር። የሞለኪውልን ቅርጽ መለየት የኬሚስቱ ተግባር ሲሆን፣ ስለመለየቱ ማረጋገጫ ሳይዝ ፊርማውን አለማኖር ግን ሰነዱ በጠረጴዛው ላይ የደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ ድርሻ ነው።